በሞርሳ የቀናችው ሳንቲም

ኖርፎክ፣ ነሐሴ መጨረሻ

ልጄ ቴሳ፣

እግዚአብሔር በወጣሽበት ሁሉ ቀድሞሽ ይውጣ። ኒውዚላንድ አሁን ብርድ ነው አሉ፤ ደረትሽን ሸፈን አድርጊ። እኛ ደህና ነን። ፖሙ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ አፍርቷል።

አባትሽ ያን የብረት መፈለጊያ መሣሪያውን ይዞ ማሳ ለማሳ ካልዞረ እህል አይወርድለትም። ባለፈው ሳምንት የሦስት መቶ ዓመት የብር ሳንቲም አገኘ። ላይዋ ከተቀረጸው ንጉሥ ፊት የቀረው አፍንጫው ብቻ ነው፤ ሳንቲሟም ሁለት ቦታ ታጥፋ ነበር። "ማረሻ ነው ያጣመማት" ብሎ በብረት መቆንጠጫው፣ በሞርሳው ውስጥ አስገብቶ ቀጥ አደረጋት። ታውቂው የለ፣ ጠማማ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም።

ማክሰኞ እንደሱ ብረት ለሚፈልጉት ሰዎች ማኅበር ሲያሳይ ከአባላቱ አንዷ፣ አሮጊቷ ሞድ፣ ጮኸችበት።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ! ድሮ ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ ሳንቲም በእጁ አጥፎ ይሰጣት ነበር። ፍቅሩ እኮ እጥፋቱ ላይ ነው ያለው!"

በሦስተኛው ቀን ሻዩን እያማሰለ፣ "ቴሳንም እንዲህ ነው ያደረግኋት?" አለኝ። ሥራሽንም ባልሽንም እኔ ካልመረጥኩ ብሎ ያስከፋሽን ማለቱ ነው።

"አዎ" አልኩት። ምን ልዋሽ!

መልሶ ሊያጥፋት ተነሥቶ ነበር፤ ትሰበራለች ብዬ ከለከልኩት።

በሰላም ያገናኘን፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እሁድ ስትደውይ እሱን አስጠሪው። ይቅርታ ማለት አይችልበትም፤ ስለ ሳንቲሟ ያወራሻል። ዝም ብለሽ ስሚው። ደግሞ እንዳታርሚው፤ አንቺም የእሱ ልጅ ነሽ።

እናትሽ ዊኒፍሬድ