ቦርሳዬ ውስጥ የተሸጎጠው ቢላዋ

ኦይጉል፣

ትናንት የሥራ ቃለ መጠይቁ ያመለጠኝ በአባትሽ ቢላዋ ምክንያት ነው። ከክፉ ዓይን እንዲጠብቀኝ ብለሽ ቦርሳዬ ውስጥ ሸጉጠሽው ነበር። እውነትም ጠበቀኝ፤ ከሥራው።

የሜትሮ ባቡር ጣቢያው ፖሊስ ቦርሳዬን ሲፈትሽ መዝዞ አወጣውና «እህቴ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ።

«አብራኝ የምትኖር ልጅ ያስገባችው ነው፤ ለክፉ ዓይን።»

«ለኔም እናቴ ትራሴ ሥር ታደርግልኛለች። ትራሴን ተሸክሜ ግን ሜትሮ አልገባም» ብሎ ሳቀብኝ። ሲለቀኝ ሰዓቱ አልፎ ነበር።

ማታ ስነግርሽ ደግሞ «የሚታጠፍ ትንሽ ቢላዋ እኮ ይፈቀዳል፣ ሕጉን አንብቤዋለሁ» አልሽኝ። ጎበዝ ጠበቃ! መንገድ ላይ መያዝና ሜትሮ ይዞ መግባት ለየቅል መሆናቸው የተጻፈበት ገጽ ላይ ስትደርሺ እንቅልፍ ወሰደሽ መሰለኝ።

ቢላዋው ጣቢያው ፖሊሶች ዘንድ ነው። መታወቂያሽን ይዘሽ ሄደሽ ተቀበያቸው። ስትመለሺ በእግርሽ ነይ፤ በሜትሮ ከመጣሽ እዚያው ትቀሪያለሽ።

ከአባትሽ የቀረሽ እሱ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ማታ «የዛገ ብረት» ያልኩት…
ተይው። ብቻ ሳይመሽ ሂጂ።

ዛሬ ሊያነጋግሩኝ እንደገና ፈቅደዋል። ቦርሳዬን ሁለቴ ፈትሼዋለሁ፤ አትቀየሚኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳቦ፣ መንገደኛ በሰላም እንዲመለስ እንደሚደረገው ወግ፣ አንዴ ነክሼዋለሁ። የቀረውን ተመልሼ እስክጨርሰው ማንም እንዳይነካው፣ አንቺም ጭምር። ዳቦ ቢያንስ አያሳስርም።

ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት፤ ተኝተሻል።

ዲልፉዛ