ሰውን በቀሚስ ልክ ለሚቆርጡት የገበያ አስተዳዳሪ

ይድረስ፦ በስክሪን ውስጥ ለተከፈተው የጥንትና የተረት አልባሳት ገበያ ዋና አስተዳዳሪ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ራስዎ፣ ትከሻዎ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ እንደምን ሰንብተዋል? አንድ በአንድ መጠየቄ አይክፋዎት። በእርስዎ ገበያ አንገት ለብቻው፣ ክንፍ ለብቻው፣ ጅራትም ለብቻው ስለሚሸጥ፣ የጎደለብዎ ነገር ቢኖር ከመደርደሪያው አንስተው እንደሚያሟሉት አልጠራጠርም። የእኛ ቤት ሰው ግን ከገላው የጎደለውን ከየትም ገዝቶ ስለማይተካ፣ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎም ለሚያነብ ሁሉም መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

እኔ አርባ አንድ ዓመት በልብስ ስፌት የኖርኩ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ሲሆን ያስቆጠረችኝም የልጅ ልጄ ናት። ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ትቀመጥና የዕለቱን ትምህርት በጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ እየጻፈች ታስጠናኛለች፤ ስሳሳትም «እማማ፣ እግሩን ረሳሽው እኮ! አንካሳ አደረግሽው!» ብላ ትቆጣኛለች። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአስተማሪዬ እንዳልሆነ ይወቁልኝ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ስለሆነች የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ትጠራለች። ከሥራ መልስ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ የእርስዎ እንግዳ ሆናለች። ስለ መስተንግዶዎ ያለኝን ምስጋና በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለ ገበያዎ ውበት አመሰግናለሁ። የልጅ ልጄ አጠገቧ አስቀምጣኝ አዳራሹን ሁሉ አዙራ አሳይታኛለች። በስክሪኑ ውስጥ እሷን ሆና የምትራመደውን ሥዕል አቫታር ይሏታል፤ እኔ ምስሏ እላታለሁ። ምስሏ የዘንዶ ቅርፊት ካባ ደርባ፣ የጤዛ ክንፍ ሰክታ፣ በመጨረሻም ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ እመቤቶች የለበሱትን፣ ከጀርባው አርባ ቁልፍ ያለውን ቀሚስ ለብሳ በደረጃው ስትወርድ አይቼ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። በኋላ ግን የሙያ ነገር ሆነብኝና ጠጋ ብዬ አየሁት። ክር የለው፣ መርፌ የለው፣ በስፌቱ ውስጥ የሚቀር ትርፍ ጨርቅም የለው። እኛ ልብስ ሰፊዎች ትርፍ የምንተወው ሰው ስለሚበላ፣ ስለሚተነፍስ፣ ስለሚወልድና ስለሚያረጅ ነው። ትርፍ የሌለው ልብስ የምንሰፋው ዳግመኛ ለማይንቀሳቀስ ሰው ብቻ ነው። ይህን ያኔውኑ ልነግራት ሲገባኝ፣ ደስታዋን እንዳላበላሽ ብዬ ዝም አልኩ።

ሁለተኛ። «እውነተኛ ልክ» ብለው ስላወጡት ሥርዓት አመሰግናለሁ። የጥንት ቀሚስ ለብሶ ወደ ታላቁ የግብዣ አዳራሽ መግባት የሚፈልግ ሰው የራሱን የገላ ልክ ለምስሉ መስጠት አለበት፤ ልኩንም ሌላ ሰው በሜትር መለካት አለበት፤ የሚለካው ባለሙያ ከሆነማ ክብሩ እጥፍ ነው። «እማማ፣ ከአንቺ በላይ ባለሙያ የት ይገኛል?» ብላ ሜትሬን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ። በዚህ ቦታ እርስዎን ከመውቀሴ በፊት ራሴን መክሰስ ስላለብኝ ትንሽ ይታገሱኝ።

መጻፍ በማላውቅበት ዘመን ሁሉ የደንበኛን ልክ የምጠራው በድምፅ ነበር፤ የሚጽፈው ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ቆራጫችን ነው። ታዲያ ሴት ልጅ ወገቧ በአደባባይ ሲጠራ ደስ አይላትም። ስለዚህ በእኛ ቤት አንድ ልማድ ነበረን፤ እኔ ከወገብ ልክ ላይ አራት ሳንቲሜትር ቀንሼ ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ቆራጩ ደግሞ አራቱን መልሶ ጨምሮ ይጽፋል። ደንበኛዋ ፈገግ ብላ ትሄዳለች፣ ልብሱም ልክክ ይልላታል። ስንት ዓመት ያደረግነውን ምላስ አይረሳውም። የልጅ ልጄን ወገብ ለካሁ፤ ስልሳ ስምንት ነው፤ አፌ ግን «ስልሳ አራት!» ብሎ ጠራ። ከመጋረጃው ወዲያ ግን ቆራጩ አልነበረም። እርስዎ ነበሩ።

እርስዎ አልጨመሩም። ስልሳ አራቱን እንዳለ መዝግበው ቀሚሱን በዚያው ቆረጡት። በማግስቱ የልጅቷ ስልክ በካሜራው ገላዋን አይቶ «ከትናንት ወዲህ አራት ሳንቲሜትር ጨምረሻል» አላት። ምስሏም ከአዳራሹ ተመልሳ፣ አመድማ ጆንያ ለብሳ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያያት በር ላይ ቆመች። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ወዲያው ብነግራትም፣ «እማማ፣ ለማጽናናት ነው እንዲህ የምትይው» ብላ ሳመችኝ። ለቢሮዎም ጻፍኩ። «ውድ ደንበኛችን፣ በባለሙያ የተወሰደ ልክ አይሻርም» የሚል መልስ ደረሰኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ማንም በጽሑፍ ባለሙያ ብሎኝ አያውቅምና፣ መልሱን አትሜ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አስቤ ነበር።

ሦስተኛ። ጠዋት ጠዋት ስለሚልኩት መልእክት አመሰግናለሁ። የልጅ ልጄ ቁርስ ላይ ሳትቀመጥ እርስዎ ይደርሳሉ፤ «ሦስት ቀርቶሻል፣» «ሁለት ቀርቶሻል፣» «እመቤቶቹ ናፍቀውሻል።» ከዚያ በኋላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ ታደርግና «ጠግቤአለሁ» ትላለች። ባዶ ሆድ በመልእክት ሲጠግብ በማየቴ የሥልጣኔን ነገር አደንቃለሁ። ጎረቤቶቻችንም የእርስዎን ሥራ እንደሚያግዙ ቢያውቁ ደስ ይልዎታል፤ ደረጃው ላይ ባገኟት ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ እንዴት አማረብሽ!» ይሏታል። ሐዘን ቤት ለመቀመጥ የሚሽቀዳደም ሰው ሐዘኑ ሲመጣ እንዴት አይታየውም?

አራተኛ። ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላል። የልጅ ልጄ ስልሳ አራት የገባች ዕለት፣ አበቃ ብዬ ሻማ ማብራት ቃጥቶኝ ነበር። እርስዎ ግን «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው አንድ ሌላ በር ከፈቱላት። ከዚያኛው ዘመን በፊት ሌላ ዘመን አለ፤ የዚያ ዘመን እመቤቶች ወገባቸው ስልሳ ነበር። ከዚያም በፊት ሌላ አለ፤ ሃምሳ ስድስት። ልጅቷ አንድ አንድ ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ በሄደች ቁጥር አራት አራት ሳንቲሜትር ታስረክብዎታለች። ክቡር ሆይ፣ ወዴት ነው የሚወስዷት? ሰው ገና ካልተፈጠረበት ዘመን ስትደርስ ወገቧ ስንት እንዲሆን ተወስኗል?

አሁን የሚጠብቋት ሃምሳ ሁለት ላይ ነው። ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ከሕፃናት በቀር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቼዋለሁ። ታማ የተኛች ሙሽራ ነበረች፤ ልለካት አልጋዋ ድረስ ሄጄ፣ ሁለት እህቶቿ ብብቷን ይዘው አቁመውልኛል። ያን ዕለት ቁጥሩን ስጠራ ቆራጫችን የሚጨምረውን ረስቶ እርሳሱን አስቀመጠ። ልብሱን ጨርሼ ሰጥቻለሁ፤ ለብሳዋለችም፤ በምን ቀን እንደሆነ ግን አይጠይቁኝ።

የልጅ ልጄ ቀለበት ከጣቷ ስለሚወልቅ ክር ጠምጥማበታለች። ወንበር ላይ ስትቀመጥ አጥንቷን ስለሚወጋት ትራስ ታነጥፋለች። ማበጠሪያዋን ሳጸዳ የማወጣው ፀጉር ትንሽ መርፌ መሰኪያ ይሞላል። በመስኮት ፀሐይ ሲገባ እኔ ወደ ጥላው ስሸሽ እሷ ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። በእርስዎ አዳራሽ ያለችው ምስሏ ግን ጉንጯ ሞልቶ፣ ፀጉሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዶ፣ እየሳቀች ትጨፍራለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ማን ማንን እየበላ እንደሆነ ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም።

አምስተኛ። ስለ ውልዎ አመሰግናለሁ። ወጣቶቹ ሳያነቡ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ይጫናሉ። እኔ ግን ፊደል ዘግይቶ የደረሰኝ ሰው ስለሆንኩ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ሳላነብ አላልፍም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ እንኳ ከነፋብሪካው አድራሻ ነው የማነበው። ውልዎን ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስጠጋሁ በአሥራ አንድ ቀን ጨረስኩት። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ ባለቤቷ ለሠላሳ ተከታታይ ቀናት ሳትገባ ከቀረች፣ ምስሏ የገበያው ንብረት ትሆናለች፤ አልባሳት እየለበሰች ለሌሎች ደንበኞች ታሳያለች። ለምን ሠላሳ ቀን ሳይገቡ እንደሚቀሩ ውሉ አያብራራም። በስንት ሰው ላይ እንደደረሰም አይናገርም። እኔ ግን ያን ቀን ወደ አዳራሽዎ ተመልሼ፣ በየሱቁ ደጃፍ ቀሚስ እያሳዩ የሚዞሩትን ቆነጃጅት አንድ በአንድ አየኋቸው። ብዙ ናቸው። ከጠራኋቸውም አንዷ እንኳ አልመለሰችልኝም።

ይህን ሁሉ በአካል ቀርቤ ለማስረዳት ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። መስታወት ብቻ የሆነ ሕንፃ ነው፤ እግዜር ያሳምረው። እንግዳ ተቀባይዋ ወንበር ሰጥታ፣ ውኃ አቅርባ፣ «እናቴ፣ የምስሉ ባለቤት እሷ ናት። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። እሷ ራሷ ካልጠየቀች እኛ አንነካውም» አለችኝ። ባለቤቷ ራሷ መሆኗን በመስማቴ ደስ አለኝ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እርስዎ ነበር የመሰሉኝ።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የተሳሳተውን ልክ ይሰርዙልኝ፤ የጠዋቱን መልእክት ያቁሙልኝ፤ ያን የኋለኛውን በር ደግሞ ይዝጉልኝ። ሦስቱም በአንድ ጣት የሚሠሩ ናቸው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ በአንድ ጣት ስንት ነገር እንደምሠራ ቢያዩ ይገረማሉ። ልጅቷን ይመልሱልኝ አላልኩም። እንዳይወስዷት ነው ያልኩት።

እንግዲህ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም፣ በተለይም ሴት ልጅ ካለችዎ ለእሷ፣ ሰፊ ጤናና ሰፊ ልብስ እየተመኘሁ፣ ከቁመትዎ እጅግ ዝቅ ብዬ፣ ከሕሊናዎ ግን ብዙም ሳልርቅ፣ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

በጽሑፍ ባለሙያ የተባልኩት፣
አሮጊቷ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው የልጅ ልጄ ትናንት ከቀትር በኋላ ተራ እየጠራች ሳለች ወደቀች። ይህን የምጨምረው ከሆስፒታል ኮሪደር ሆኜ ነው። ሐኪሙ ልቧ እንደደከመ፣ ከነገ ወዲያ ስላለው ቃል ሊሰጠኝ እንደማይችል ነግሮኛል። ስልኳ ከእኔ ዘንድ ስላለ የዛሬው መልእክትዎ በሰዓቱ ደርሷል፦ «ዛሬ አላየንሽም፤ እመቤቶቹ በር ላይ ቆመው እየጠበቁሽ ነው።» ሳነብ ድምፅ ማውጣት ልማዴ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው፣ ልጇ ሦስተኛው አልጋ ላይ የተኛችባት ሴት፣ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ «የእኔን ልጅ ስልክ ማን ሰጠሽ?» አለችኝ። የልጇ ስልክ በጉያዋ ነበር፤ አውጥታ ስታየው መልእክቱ ቃል በቃል አንድ ነው። ከፊት ለፊታችን ባለው አግዳሚ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠች ሌላ እናት አለች፤ ይህን ስጽፍልዎ ቀና ብላ አየችንና ቦርሳዋን መክፈት ጀመረች።