የነፋሱ ዕቃና ቀኝ እጄ

ጃንዋሪ 4፣ እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረዶ የሆነውን ሐይቅ በስተን ዓሣ ስናጠምድ ዋልን። በረዶው ከአንድ ክንድ በላይ ወፍሯል። ወንድሜ ዴልበርት ዋልአይ የሚሉትን ዓሣ አራት አወጣ። እኔ ባዶ። ከፔርሙሱ ቡና ስቀዳ ግማሹ ጓንቴ ላይ ፈሰሰ።

“ምነው ትንሹ፣ በረደህ እንዴ?”

“አዎ፣ በረደኝ።”

ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኝም ለታላቅ ወንድሜ ትንሹ ነኝ። ግን ብርድ አይደለም። ቀኝ እጄ ከመከር ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ “አይገድልህም፣ አይለቅህምም” ብሎኛል። ዴልበርት ካወቀ ለልጄ ለካርላ ይነግራታል። እሷ ደግሞ አሪዞና ልትወስደኝ ሰበብ ነው የቸገራት። አሪዞና! በረዶ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ያለበት አገር። እዚያ ምን እሆናለሁ?

ጃንዋሪ 9፣ ዓርብ
ያዘዝኩት በነፋስ የሚሠራ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መጣ። ሦስት ናቸው። የበረዶው ቀዳዳ ላይ ትተክለዋለህ፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲመታው ክንዱ ከፍ ዝቅ እያለ መንጠቆውን ያወዛውዛል። ዓሣ ከጎተተ ቀይ ባንዲራ ብድግ! የሰው እጅ አያስፈልገውም። በተለይ የኔ።

ጃንዋሪ 11፣ እሑድ
ነፋሱ ጉድ ነበር። ቆርቆሮውን አብዝቼ አጥፌው ኖሯል... ክንዱ አበደ። ባንዲራው ያለ ዓሣ ይነሳል። እኛ ዘንድ ባንዲራ ያየ ሰው “ባንዲራ!” ብሎ ይጮሃል፣ ባለቤቱ ይሮጣል። ዴልበርት በረዶው ላይ ባቆምናት ጎጆ ደጃፍ ወንበሩ ላይ እንደ ጌታ ተቀምጦ አሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ። አሥራ አንዴ ሮጥኩ። አሥሩ ነፋስ፣ አንዱ እሱ ዝም ብሎ የጮኸው። በዚያኛው ነው የወደቅኩት።

“ያ ነገር የሚያጠምደው ዓሣ ነው ወይስ አንተን?”

ወገቤን አሞኛል።

ጃንዋሪ 14፣ ረቡዕ
መታጠቢያ ገንዳውን ውሃ ሞልቼ ዕቃውን ላዩ ላይ አቆምኩት። ቬንትሌተር አበራሁበት። ቆርቆሮውን ትንሽ አቃናሁ፣ የክሩን ማክበጃ እርሳስ ቀየርኩ፣ ሞላውን አጠበቅኩ... ብሎኑን ለመያዝ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀሁ። ይህ እጅ! መሐል ላይ ካርላ ደወለች።

“አባዬ፣ ምንድነው የሚጮኸው?”

“ቬንትሌተር።”

“በጃንዋሪ?”

“መታጠቢያ ቤት ነኝ።”

“ደህና ነህ?” አለች። አጠያየቋን አልወደድኩትም።

ጃንዋሪ 18፣ እሑድ
ሞላውን አላላሁት፣ ክንዱ አንገቱን ደፋ። አጠበቅኩት፣ ደረቀ። ዓሣ የለም።

ጃንዋሪ 25፣ እሑድ
ዛሬን በደንብ ልጻፍ።

ነፋስ የሚባል የለም። የጎጆው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሦስቱም ዕቃዎች ተገትረዋል። ዴልበርትም እስከ ቀትር አንድ አልያዘም፣ አፉ ግን አልቦዘነም። “ለነፋሱ ደብዳቤ ጻፍለት እንጂ!” ይለኛል። ተናደድኩ። ወደ ዳርኛው ቀዳዳ ሄጄ ጓንቴን አወለቅኩና ክሩን በባዶ እጄ ያዝኩት። እጄ ጀመረ። ላረጋጋው ታገልኩ... እምቢ አለ። ተውኩት፣ መንጠቆውም አብሮት ተንቀጠቀጠ።

ወዲያው ጎተተኝ! ክንድ የሚያህል ዋልአይ። መንጠቆውን መልሼ ጣልኩ፣ ሌላ። ሦስተኛውን ሳወጣ ዴልበርት ከኋላዬ ቆሟል። እጄን እያየ ነው። የት ልደብቀው?

“ብርድ ነው” አልኩ።

“ከመከር ጀምሮ?”

ያውቃል! “ማን ነገረህ?”

“ቡናህን ሱሪህ ሲጠጣው እያየሁ ማን ይንገረኝ?”

“ለካርላስ ነገርካት?”

“ሁለቴ ደውላ ጠይቃኛለች። በበረዶ ወር መታጠቢያ ቤት ቬንትሌተር ያበራል፣ አእምሮው ደህና ነው ወይ አለች። ድሮም እንዲሁ ነው አልኳት።” ዓሣውን ከእጄ ተቀብሎ መንጠቆውን አወጣልኝ። “አንተ ከሄድክ ማን ላይ ልጮህ ነው?”

አይኔ እንባ አቀረረ። ነፋስ ነው እንዳልል ነፋስ የለም።

ፌብሩዋሪ 1፣ እሑድ
ለስለስ ያለ ነፋስ። እኔ በእጄ አምስት፣ ዴልበርት ባዶ። አኮረፈ። ከዚያ ከዕቃዎቼ አንዱንና ብሎን መፍቻ ይዞ መጣ።

“እጅህን ዘርጋ።”

“ለምን?”

“ዘርጋ ተባልክ!”

ዕቃውን ከእጄ ጎን ተከለው። አንዴ እጄን፣ አንዴ ክንዱን ያያል። ሞላውን ያላላል፣ ቆርቆሮውን ያጥፋል።

“ፈጠንክብኝ። እስቲ ትንሽ አቁመው።”

“ማቆም ብችል ይህን ዕቃ ምን አስገዛኝ?”

ስንስቅ ቆየን። በመጨረሻ ክንዱና እጄ እኩል ተንቀጠቀጡ። መንትያ! ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ቀይዋ ብድግ አለች። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። “ባንዲራ!” ብዬ ጮህኩ። ሰባ ስድስት ዓመቱን ይዞ ሮጠ። ሁለተኛው ላይ ዝም ብዬ ነው የጮህኩት።

ቤት ስገባ ለካርላ ራሴ ደወልኩ። ስለ እጄ ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ አለቀሰች። “በቃ አሪዞና ና፣ አባዬ” አለች።

“አይሆንም” አልኳት። “ዴልበርት እጄን ይፈልገዋል። ገና በእጄ ልክ የሚያስተካክለው ሁለት ዕቃ ይቀረዋል።”