የአባባ ትርፍ ደም

ውድ እታለም፣

አባባ ደህና ነው። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው ያስቀደምኩት። አሁን የሆስፒታል አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል እያለ ነርሶቹን ያስቸግራል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ወር "ሐኪሙ ደም ማነስ አለብሽ ብሎ ክኒን አዘዘልኝ፣ ከነእርግዝናዬ ፈራሁ" ብለሽ ስትደውዪ፣ አባባ ደም ብዛት እንዳለበት ከተነገረው ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ይህ የማያርፍ አፌ፣ "ላንተ በዛ፣ ለሷ አነሰ፤ ተካፈሉ እንጂ ታዲያ" አለው። ሳቀ። እኔም ስቄ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ለካ እሱ ቀልዴን ቁም ነገር አድርጎ ይዞታል።

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ የጠገነ ሰው፣ ከተረፈበት ወደ ጎደለበት ማሻገር ሥራው አይደል? ስትወልጂ ደም ቢያስፈልግሽ የሱ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅሽ ፈለገ። ከማን እንደሰማው እንጃ፣ መድኃኒት ያለበት ደም አይወሰድም ብሎ ክኒኑን አቆመ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ! ራሱን ሲወቅረው "እየተጠራቀመ ነው" ብሎ ይጽናና ነበር። አንቺ ደግሞ "አባባ ስለ እኔ ጠይቆ አያውቅም" ትዪኛለሽ።

ማክሰኞ ጠዋት "ና ሸኘኝ" ብሎ ደም ባንክ ወሰደኝ። ነርሷ ለካችው፤ እንደገና ለካችው። ሁለት መቶ አሥር በአንድ መቶ ሃያ።

"አባቴ፣ መድኃኒት አይወስዱም?"

"ለልጄ ስል አቁሜያለሁ። በዝቷል ካላችሁኝ ትርፉን ውሰዱልኛ።"

ነርሷ አልሳቀችም። "ትርፍ ደም የለዎትም፤ ስሙ ነው ያሳሳተዎት። ደምዎ እንደ ሌላው ሰው አምስት ሊትር ቢሆን ነው። የበዛው ግፊቱ ነው። የደም ሥሩን ሳያሳምም ይጎዳዋል፤ ዝም ካሉት ጭንቅላት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።"

"ግፊት ነው እንዴ?" አለ አባባ ቀስ ብሎ። "ግፊትማ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።" ፊቱ አመድ መሰለ።

ሆስፒታል እስክንደርስ ታክሲ ውስጥ እጁን ይዤው ነበር። ካደግኩ ወዲህ ይዤው አላውቅም።

"ቀልዴን እኮ ነበር፣ አባባ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "እውነት ቢሆን ግን ጥሩ ነበር።"

አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ።

ሦስት ቀን አስተኙት። ዛሬ ጠዋት ሲለካ መቶ ሠላሳ አምስት በሰማንያ አምስት ሆነ። ልቡም ኩላሊቱም አልተነካም አሉን። ይህን ስሰማ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን የያዝኩት ትንፋሽ ያኔ ወጣ፤ ተመስገን።

ሐኪሟ ልትወጣ ስትል አባባ ጠራት።

"የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ እስክትወልድ እደርሳለሁ?"

"ክኒንዎን ካላቋረጡማ የልጅ ልጅዎን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ" አለችው።

አባባ መዳፉን ዘረጋ፣ ክኒኑን ተቀበለ፣ ውሃ እስካመጣለት እንኳ ሳይጠብቅ ዋጠው።

አንቺም ያንቺን ዋጪ።

ወንድምሽ