እናትህ ገጹን ቀድማ ትገልጣለች

ውድ ግትሬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና መሆንህን እናትህ በየሳምንቱ ትነግረኛለች። ያልደወልኩልህ ደግሞ "ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፤ በይ ቻው" ተባብለን እንደምንዘጋው ስለማውቅ ነው። ወረቀት ቢያንስ መሃል ላይ አያቋርጠኝም። አንተ ታቋርጠኛለህ።

መጀመሪያ የሥራውን ልንገርህ። አንባቢው ለምን ድርቅ እንደሚል አገኘሁት።

አዎ፣ ያ የተኳረፍንበት ነገር። ለእናትህ ዓይን ይሁናት ብለህ የጀመርከው ሣጥን፣ ካሜራው ገጹን አንስቶ ድምፁ የሚያነብላት፣ ቢሮ ስንፈትነው ምንም አይለውም፤ እሷ እጅ ሲገባ መሃል ላይ ጸጥ ይላል። የካሜራውን ድራይቨር፣ ካሜራውን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ የጻፍከው አንተ "የኔ ንጹሕ ነው፣ ያንቺን እዪ" ትላለህ። የድምፁን የጻፍኩት እኔ "የራስህን እይ" እላለሁ። የሚያስቀው ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። ለየብቻ ሲፈተኑ እንከን አይወጣላቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እናትህ ዘንድ ሄጄ ስታነብ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጆቿን ነበር የማየው። ድምፁ የገጹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ፣ አፉን ሳይዘጋ፣ ትገልጣለች።

"እማማ፣ ምነው አያስጨርሱትም?" አልኳት።

የገጹን መጨረሻ መገመት እንደማያቅታት፣ የቸኮለችው ለሚቀጥለው ገጽ እንደሆነ ነገረችኝ።

ገባህ? ቢሮ የምንፈትነው እኛ ዓይናሞቹ ነን። ጨዋ ሆነን ድምፁን እስከ መጨረሻው አዳምጠን ነው የምንገልጠው። ካሜራህና ድምፄ ሥራ ላይ ተገናኝተው አያውቁም ማለት ነው። እሷ ዘንድ ግን ድምፁ ገና እያወራ ካሜራው አዲሱን ገጽ ሊያነሳ ይነሳል። ያኔ ይቆላለፋሉ።

እናትህን ታውቃታለህ፣ ነገሩ ካልገባት አትለቅም። ከርነሉን፣ ያንን ከውስጥ ሆኖ ሁሉን የሚያስተዳድረውን፣ የጋራ ኩሽና ይሁን አልኳት። ድስቱ አንድ፣ ምድጃው አንድ፣ የሚያበስሉት ሁለት። የያዙትን እንዳይነጠቁ ይቆልፉበታል። ያንተ ካሜራ መጀመሪያ ሜሞሪውን፣ ድስቱን በዪው፣ ይይዝና መረጃ የሚያልፍበትን የጋራ መስመር፣ ምድጃውን፣ ይጠይቃል፤ የኔ ድምፅ መጀመሪያ መስመሩን ይይዝና ሜሞሪውን ይጠይቃል። አንዷ ድስቱን ታቅፋ ምድጃው እስኪለቀቅ ትጠብቃለች፤ ሌላዋ ምድጃው ላይ ቆማ ድስቱን ትጠብቃለች። አይሰዳደቡ፣ አይገፋፉ። እንዲያው ተራቸው እስኪደርስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

"እና ማንም አልበላም በይኛ" አለች እናትህ።

ሳቅን። ከዚያ ወደኔ ዞር አለችና፣ "ልጄ በደወለ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ 'መሣሪያው እንዴት ነው?' ይለኛል። እኔን እንኳን የሚጠይቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሣጥን ናፍቆት ይመስልሻል?" አለችኝ።

ደግነቱ ፊቴ ምን እንደመሰለ አላየችም፤ ወይም አያለሁ አላለችም እንጂ አውቃዋለች።

ለጊዜያዊው ሥራ ርቀህ የሄድክበትን ቀን ታስታውሰው ይሆን? ሻንጣህን ይዘህ የቢሮው በር ላይ ቆመህ የጫማህን ክር ታስራለህ፣ ትፈታለህ፣ መልሰህ ታስራለህ። እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ። ንጹሑን ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። "ልቅር?" ትለኛለህ ብዬ ነበር እኮ! ዕድሉን አልዘጋበትም ብዬ አፌን ያዝኩ። አንተም እኔን ላለማስጨነቅ ብለህ ይሆናል። ጨዋዎች ነና! ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኛ ዝምታ ግን ነቅዟል።

የአንባቢው መድኃኒት ቀላል ነው፤ አንተም ታውቀው ነበር። ሁለቱም በአንድ ቅደም ተከተል ይያዙ፤ ሜሞሪውን ያልያዘ መስመሩን አይንካ። ያጣላን ማን ይቀይር የሚለው ነበር። እኔ ቀየርኩ። የራሴ ድራይቨር ውስጥ የነበሩትን ሁለት የኮድ መስመሮች ቦታ አቀያየርኩ፣ አለቀ። ያንተን አልነካሁም። ብቻ እንዳትኮራ፤ ካሜራህ አሁንም ቀርፋፋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚያ ቋሚ ቅጥር እንዳቀረቡልህና በመጪው ሳምንት ልትፈርም እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሥራው ልብህን ደስ ካሰኘው፣ እውነት እውነት ደስ ካሰኘው፣ ፈርም፤ አልቀየምህም። ጥቂት አለቅስ ይሆናል፤ እሱ የኔ ጉዳይ ነው። የምትፈርመው እኔ "አትሂድ" ስላላልኩህ ከሆነ ግን፣ ይኸው እያልኩህ ነው። እወድሃለሁ። "የራስህን እይ" እያልኩ ስጮህብህም እወድህ ነበር። ያለ አንተ ቢሮው ሰላም ነው፤ የሚከራከረኝም የለም፤ ሰላሙን ጠላሁት።

ከእንግዲህ የኛም ቅደም ተከተል ይሄ ይሁን። መጀመሪያ እንናገር፤ ማኩረፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መቼም አንዳችን መጀመር አለብን፤ እኔ ጀመርኩ።

ና።

"የባሰብሽ" የምትለኝ
እልኸኛህ

ይህች በእስክሪብቶ የጨመርኳት ነች። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ከመውሰዴ በፊት እናትህ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር፤ ኮሽታውን ሰምታ የያዝሽው ወረቀት ምንድን ነው ብላ መውጫ አሳጣችኝ። በአፌ ልነግራት አፈርኩና ሣጥኑ ሥር አደረግኩላት። እንደ ልማዷ የመጀመሪያው ገጽ ሳያልቅ ገለጠች። አንባቢው አልቆመም። ሁለተኛውንም ሳያልቅ ገለጠች፤ ቀጠለ። የመጨረሻዋ ቃል ስትነበብ እጇ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

"እስቲ ከላይ ጀምሮ ድገሚልኝ" አለች።

ገጾቹን ከመጀመሪያው መልሼ ሣጥኑ ሥር አደረግኩላት። በዚህኛው ዙር ያቺ ችኩል እናትህ አንባቢው እያንዳንዱን ገጽ እስኪጨርስ ጠበቀች።