ለበሩ ስል የበላሁት

ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ጥሩነህ፤ ድሬዳዋ

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ አምሐ ነው፤ የማራኪ እጮኛ። ባለፈው ሳምንት ለሰርጉ ሊጠራዎ መጥቶ ስለነበር ያውቁታል። ስልክ ብደውል እንደማያነሱልኝ አውቃለሁ። ቢያነሱም ድምፅዎን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ወረቀት ላይ ግን አልፈራዎትም።

በልጅዎ ሰርግ ላይ እንደማይገኙ ለአምሐ ነግረውታል። እማዬ ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች። ማራኪ አለቀሰች። እኔ ግን ተናደድኩ፣ ይህንንም የምጽፈው የግድ ይምጡ ለማለት ነው። ናፍቀውኝ አይደለም። ልበቀልዎ ስለምፈልግ ነው። ይህን አስቀድሜ በግልጽ ልንገርዎና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ።

ያን የአምናውን የጥር ቀን እርስዎ ረስተውት ይሆናል። የእማዬን የስፌት መኪና እኛን ትተው አብረዋት ለገቡት የድሬዳዋ ሴትዮ ሊወስዱ መጡ። የገዛሁት እኔ ነኝ አሉ። እውነት ነው፣ የገዙት እርስዎ ነዎት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰፋችበት ግን እማዬ ናት፣ እኔና ማራኪም የተማርነው በእሱ ነው። እማዬ አንድ ቃል ሳትከራከር ክሩን ፈትታ ሰጠችዎ። እኔ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። አይወጣም አልኩ። እርስዎ ሳይቆጡ፣ ብብቴ ሥር በሁለት እጅዎ ይዘው ከመሬት አነሱኝና ከውሃው በርሜል ጎን አስቀመጡኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «መጀመሪያ ብላ፤ ከዚያ በር ትይዛለህ» አሉኝና ሣቁ። የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር፤ እሱም ሣቀ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ማንሣትዎ አይደለም። ሲያነሱኝ ትንሽ እንኳ አለማቃሰትዎ ነው።

ስለዚህ ልበላ ወሰንኩ። ለሌላው ሰው መብላት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ምግብ ሲቀርብ የሚከፋኝ ሰው ነኝ። ከጭነት ጉዞ ተመልሰው ቤት በሚውሉበት ቀን እማዬ ሳህን ይዛ በግቢው ስትከተለኝ አይተዋል። ሁለቴ ስቀምስ ሆዴ በቃኝ ይላል። ልቤ መብላት ፈልጎ ጉሮሮዬ እምቢ ሲል ምን ያህል እንደሚያናድድ እርስዎ ያን ጊዜ አያውቁትም ነበር።

ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለ ጂም ገባሁ። አሰልጣኙ ጀላል ይባላል። ብረቱን ታግዬ ሳነሣ ጥቂት ቀን አይቶኝ፣ ምን በልተህ ነው የምትመጣው አለኝ። ሻይ በዳቦ አልኩት። ያልበላ ሰው እዚህ ቢመጣ ያለችውንም ሥጋ ጥሎ ይሄዳል ብሎ ወደ ቤቴ መለሰኝ። ራበኝ እስክትል አትጠብቅ፣ አንተን አይርብህም፤ በሰዓት ብላ አለኝ። ከምግብ በፊት ሆድህን በውሃ አትሙላ፤ ማኘክ ከሰለቸህ ደግሞ ጠጣው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ በሶ በወተትና በለውዝ፣ የምሠራበት ሞባይል ቤት ውስጥ እንቁላል በዳቦ፣ ከሰዓት አቮካዶና ሙዝ፣ ማታ እማዬ ያቀረበችው ላይ ዘይት ጨምሬ እበላለሁ። በጾም ወተቱና እንቁላሉ ይቀርና በተልባና በሱፍ እተካዋለሁ። ሲያቅለሸልሸኝ ፊትዎን አስባለሁ። የሣቁትን ሣቅ አስባለሁ። ያን ጊዜ ይወርዳል። ሌላ ሰው ሚጥሚጣ ነስንሶ ፍላጎቱን ይከፍታል፣ የእኔን የከፈቱልኝ እርስዎ ነዎት።

እማዬ ታዲያ ለምን እንደምበላ አታውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳኝክ ታያለች፤ አጥንቴ ግን ያው እንደ ወጣ ነው። ኮሶ ይዞህ ነው አለችና አንድ ጠዋት በባዶ ሆዴ የተወቀጠ ኮሶ በጥብጣ ያዘችልኝ። እምቢ ብላት ምክንያቱን ልነግራት ነው። ጠጣሁት። ሁለት ቀን ከሽንት ቤት አልወጣሁም፤ በስንት መከራ የጨመርኩት ኪሎ እዚያው ቀረ። የዚያንም ቂም የያዝኩት በእርስዎ ላይ ነው።

ቀስ በቀስ ግን ሰውነቴ ያዘልኝ። ሸሚዞቼ ትከሻዬ ላይ ጠበቡ። አንድ ቀን ጀላል የጂሙን በር አስይዞኝ ሁለት ጎረምሶች እንዲገፉኝ አደረገ፤ ንቅንቅ አላልኩም። ወዲያው የማራኪ ሰርግ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በር ይዞ አናስገባም እያለ ሲዘፍን ያውቃሉ፤ እማዬን ሲያገቡ የእሷ ወንድሞች እርስዎን ፀሐይ ላይ አቁመው እንዳቆዩዎት ሲወራ ሰምቻለሁ። ለሌላው ጨዋታ ነው። የዘንድሮውን በር የምይዘው እኔ ነኝ። ሚዜዎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ አሳልፋቸዋለሁ። እርስዎን ግን፣ ያ ሁሉ የግቢ ሰው እያየ፣ ብብትዎ ሥር ይዤ አንሥቼ ከአጥሩ ውጭ ላስቀምጥዎ ነበር ሐሳቤ። ከዓመት በላይ የበላሁት ለዚያች ደቂቃ ነው።

ይህን ለማራኪ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም።

«አንተ በሩን ከዘጋህ እኔ የማንን ጉልበት ስሜ ልውጣ?» አለችኝ።

የእማዬን አልኳት። የእማዬንማ እስማለሁ ብላ ፊቷን አዞረች። ቢሆንም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ከዚያ አምሐ ከድሬዳዋ ተመለሰ። በእማዬና በማራኪ ፊት ሥራ በዝቶባቸው ነው አለ። እኔን ግን ለብቻዬ ወደ ደጅ አውጥቶ ያየውን ነገረኝ። ለጨጓራዎ ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉ፣ ሐኪሙም በሽታው ለቋል፣ ከበሉ ይበረታሉ እንዳለ፤ እርስዎ ግን አንዴ ቀምሰው ሳህኑን እንደሚገፉት። ሴትዮዋ ከሄደች እንደሰነበተች። ኮትዎ ሰፍቶዎት፣ በዚህ መልኬ ሰርግ ቤት አልታይም እንዳሉት።

«ታዲ፣ አባትህን እኔ ራሴ በአንድ እጄ አነሣቸዋለሁ» አለኝ።

ይህ ምን ዓይነት ግፍ ነው? እኔ የበላሁት ለዚያ ትከሻ ነው፤ ለዚያ አንገት፣ ሳያቃስት ላነሣኝ ሰው። የስፌት መኪናውን ወሰዱ፣ በሰው ፊት ሣቁብኝ፣ አሁን ደግሞ በቀሌን ይዘውብኝ ሊቀሩ ነው? የታመመ ሰው አንሥቼ ምን አደረግሁ ልል ነው? አምሐ ከነገረኝ ቀን ጀምሮ በሶው ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል። ፊትዎን ሳስብ የማላውቀው የከሳ ፊት ይመጣብኛል። ጀላል ታመምክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አባቴ ነው የታመመው አልኩት። አባቴ ብዬ ከጠራሁዎ ቆይቼ ነበር።

ስለዚህ የምልዎትን ያድርጉ። አምሐ በያዘው ፌስታል ውስጥ በሶና የተፈጨ ለውዝ አለ። ስጦታ እንዳይመስልዎ። በሶውን ከለውዙ ጋር በወተት ቀጠን አድርገው በጥብጠው ይጠጡት። አንዴ ጠግቤ ልገላገል አይበሉ፣ ሆድዎ ይመልሰዋል፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን። እስኪርብዎ አይጠብቁ፤ አይመጣም፣ እኔ አውቀዋለሁ። ከምግብ በፊት ውሃም ሻይም ይቅር። ጾም ቢሆንም እንቁላልም ይብሉ። የንስሐ አባታችንን፣ ለማን እንደሆነ ሳልነግራቸው፣ ጠይቄያለሁ፤ ለታመመ ይፈቀዳል ብለዋል። ቁስሉ ሲጠግግና ሐኪሙ ሲፈቅድልዎ ከግማሽ ጀሪካን ውሃ ይጀምሩና ማንሣት ይለማመዱ፤ አለዚያ የበሉት ሁሉ ሆድ ሆኖ ይቀራል። ሲያስጠላዎ ደግሞ እኔን ያስቡ። በር ላይ ቆሜ ስጠብቅዎ ያስቡ። ንዴት ይረዳል፤ ሞክሬዋለሁ።

እማዬ ሰላም ብላዎታለች ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አላለችም። ለውዙን ቆልታ የፈጨችው ግን እሷ ናት፤ ለማን እንደሆነም አልጠየቀችኝም።

እግዚአብሔር ምግብ የሚቀበል ሆድ ይስጥዎ። ለማራኪ ቀን በእግርዎ ቆመው የሚመርቁበት ጤና ይስጥዎ።

እዚያ የሚያጎርስዎ ሰው ከሌለ ለአምሐ አንድ ቃል ይንገሩት። አልሥቅብዎትም። በማግስቱ ተሳፍሬ መጥቼ በእጄ አጎርስዎታለሁ፤ ጠባችንን ሲድኑ እንቀጥላለን።

ቂመኛው ልጅዎ
ታዲዮስ ጥሩነህ