የሁለቱ ቱሊፕ ዛፎች ሰሌዳ

ውድ እህቴ፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። ግን ሰላምታው ይቅደም፤ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ ይልሻል? እኔ ተመስገን ነው፤ ዓይኔ ክር በመርፌ ማሾለክ ቢያቅተውም መጽሐፍ አልከለከለኝም።

ቱሊፖቹ ሲያብቡ መጥቼ ልያቸው ብለሽ ስትጽፊልኝ ደስ አለኝ። ከታች ግን «አሁንም ስትቋጥሪ ክሩን ሦስቴ ትጠመዝዣለሽ?» ብለሻል። ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ስለ ቋጠሮ ይጠይቃል? ሳምንቱን ሙሉ ቃልሽን ሳገላብጥ ከረምኩ።

አንቺ በእጽዋት ማዕከሉ የዛፎቹን የስም ሰሌዳ ስትጽፊ፣ እዚያው አትክልተኛ የነበረው ባሌ ያኔ ገና ማንበብ ለጀመርኩት ለእኔ በየቀኑ አዲስ የዛፍ ስም ይዞልኝ ይገባ ነበር። ቀዩ ስፓቶዲያ ካምፓኑላታ ነው፤ የአበባው ሽፋን እንደ ሰይፍ፣ አበባው እንደ ደወል ማለት ነው አለኝ። ቢጫው ሊሪዮዴንድሮን ቱሊፒፌራ፤ የሊሊ ዛፍ፣ ቱሊፕ ተሸካሚ። ሰው ሁሉ ሁለቱንም ቱሊፕ ይበላቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ማን አስተማረህ ስለው «እሷ ናታ» ይላል ፈገግ ብሎ። ያ ፈገግታ እንደ እሾህ ተሰካብኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬ ሌላ ሰው አስመነጠርኩ። አንድ እሁድ ምሳ ሳደርስለት የሁለቱን ዛፎች ሰሌዳ ፈትቼ አለዋወጥኩ፤ ሲባጎውንም እጄ በለመደው በልብስ ሰፊ ቋጠሮ፣ ሦስቴ ጠምዝዤ አሰርኩት። ማክሰኞ የመጡት እንግዶች የተሳሳተውን ስም አይተው ሳቁ፤ የማዕከሉ ኃላፊ አፈረና አንቺን አባረረ። ልትሰናበቺኝ ስትመጪ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና አላልኩም።

ባሌ ሲሞት መሳቢያውን ከፈትኩ። የዛፎቹ ስም ከነትርጉሙ በእጅሽ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ጥቅል ነበር፤ በላዩ «ማንበብ ለጀመረችው ባለቤትህ» ይላል። ከሥሩ የሰሌዳው ሲባጎ ቁራጭ፤ ሦስቴ የተጠመዘዘው ቋጠሮዬ ሳይፈታ ከጎኑ በቢላ የተቆረጠ። ከዚያች ማክሰኞ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ወይስ ስለ ቋጠሮዬ ያኔውኑ ነግሮሽ አብራችሁ ደበቃችሁኝ? ይኸው፣ ዛሬም መጠርጠሬን አልተውኩም።

በሚቀጥለው ወር ያብባሉ። ከመጣሽ በሬ ክፍት ነው፤ ከቀረሽም ለምን ቀረሽ አልልሽም። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ ብርሃን አይጣ።

የአትክልተኛው ሚስት

ፖስታውን በሲባጎ አስሬዋለሁ። ሦስቴ ጠምዝዣለሁ። ይድረስ ለሰሌዳ ጸሐፊዋ፣ በእጇ።